የአቅም ልክ መኪና፦ ከኮልፌ ቀራኒዮ ነዋሪ አንጻር የቀረበ ትምህርታዊ ዝግጅት

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል፣ በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ የሚኖር ቤተሰብ መኪና ለመግዛት ሲያስብ፣ ሐሳቡ ከክብር ወይም ከምቾት ይልቅ ከመንገዱ ርቀት የሚመነጭበት ጊዜ ይበዛል። የቀላል ባቡሩ የምሥራቅ ምዕራብ መስመር ጦር ኃይሎች ላይ ስለሚያበቃ፣ ከዚያ ወዲያ ያሉት የቤቴል፣ የወይራ ሰፈር፣ የአየር ጤና፣ የዓለም ባንክና የቀራኒዮ ነዋሪዎች ወደ ሥራ፣ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ሐኪም ቤት የሚደርሱት የታክሲና የአውቶቡስ ሰልፍ ጠብቀው ነው። መኪናው የሚገዛበት ገንዘብም የአንድ ሰው የአንድ ወር ገቢ ሳይሆን የዓመታት ቁጠባ፣ የዕቁብ ዕጣ፣ የባንክ ብድርና ከውጭ አገር ዘመድ የተላከ ድጋፍ ተደምሮ የሚገኝ በመሆኑ፣ በግዥው ላይ የሚፈጸም ስሕተት የአንድን ቤተሰብ ኑሮ ለረጅም ጊዜ የማናጋት ኃይል አለው። የዚህ ዝግጅት ዋና ሐሳብ፣ የመኪና ዋጋ ማለት ለሻጩ የሚቆጠረው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን መኪናውን ገዝቶ ቢያንስ ለ5 ዓመት በደኅና ለመያዝ የሚጠይቀው ጠቅላላ ወጪ መሆኑንና ይህም ሒሳብ መኪናው ከመመረጡ አስቀድሞ መሠራት እንዳለበት ማስረዳት ነው።

ይህ ሒሳብ እንዲገባ በቅድሚያ በኢትዮጵያ የመኪና ዋጋ እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። በየካቲት 2012 የጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 የመኪናን ገበያ ከመሠረቱ የለወጠ ሕግ ነው። ኤክሳይዝ ታክስ መንግሥት እንደ ቅንጦት ወይም በኅብረተሰብና በአካባቢ ላይ ጉዳት እንደሚያስከትሉ በሚቆጥራቸው ዕቃዎች ላይ የሚጥለው ልዩ ግብር ሲሆን፣ በመኪና ላይ የሚሰላው በሞተሩ የሲሊንደር ይዘት፣ ማለትም በተለምዶ ሲሲ በሚባለው መለኪያ፣ እንዲሁም በመኪናው ዕድሜ ነው። አዋጁ ሞተሩ ከ1300 ሲሲ ላልበለጠ አዲስ የቤት መኪና 5 በመቶ ብቻ ሲጥል፣ ከ1301 እስከ 1800 ሲሲ ላለው 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ደግሞ 100 በመቶ ጣለ፤ አገልግሎ ለመጣ አሮጌ መኪና ግን እንደ ዕድሜው እየጨመረ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ግብር ወሰነ። ቀደም ሲል ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ተሞልቶ የነበረው ገበያ ከዚያ በኋላ ፊቱን እንደ ሱዙኪ ዲዛየር ወዳሉ 1200 ሲሲ ገደማ ሞተር ወዳላቸው አዳዲስ መኪኖች ያዞረው በዚህ ምክንያት ነው። ግብሮቹ ጎን ለጎን የሚደመሩ ሳይሆኑ አንዱ በሌላው ላይ የሚሰሉ መሆናቸውም መታወቅ አለበት፤ ኤክሳይዙ ቀረጥ በተጨመረበት ዋጋ ላይ፣ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ደግሞ ኤክሳይዝ በተጨመረበት ዋጋ ላይ ስለሚሰላ፣ በመነሻው ላይ ያለች ትንሽ ልዩነት በመጨረሻው ዋጋ ላይ ትልቅ ሆና ትታያለች።

ሁለተኛው ለውጥ ከውጭ ምንዛሬ እጥረት ጋር የተያያዘ ነው። በጥቅምት 2015 መንግሥት የቤት መኪናን ጨምሮ ለ38 ዓይነት ዕቃዎች ማስመጫ የባንክ የውጭ ምንዛሬ እንዳይሰጥ ከለከለ። በጥር 2016 ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ መኪና በስተቀር በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቁ፤ በምክንያትነት ከቀረበውም አንዱ አገሪቱ በዓመት ወደ 6 ቢሊዮን የሚጠጋ ዶላር ለነዳጅ ግዥ ማውጣቷና ከዚህም ከግማሽ በላዩ በተሽከርካሪ የሚቃጠል መሆኑ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው 1 ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። እነዚህ ውሳኔዎች ተደራርበው ሲታዩ ዛሬ በእጁ የተወሰነ ገንዘብ የያዘ ገዢ የሚገኝበትን ቦታ ያሳያሉ፤ አዲስ መኪና ከፈለገ በአብዛኛው ኤሌክትሪክ ነው፤ የነዳጅ መኪና ከፈለገ ደግሞ ከዓመታት በፊት የገባና በአገር ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚሸጋገር መኪና ነው። በሌላው ዓለም መኪና በየዓመቱ ዋጋው እየቀነሰ የሚሄድ ዕቃ ሆኖ ሳለ፣ በአዲስ አበባ ግን ከ15 ዓመት በፊት የተሠራች ትንሽ የቶዮታ ቪትዝ ከተገዛችበት ዋጋ በብዙ እጥፍ ስትሸጥ የምትታየው የመኪናዋ ጥራት ስለጨመረ ሳይሆን ብሩ ስለረከሰና ምትክ ስለጠፋ ነው። ይህን ልዩነት ያልተገነዘበ ገዢ ያረጀን ብረት እንደ ወርቅ ቆጥሮ ጥሪቱን ሁሉ ይሰጣል።

ከዚህ በመነሣት የመጀመሪያው ደንብ ሊገለጽ ይችላል፤ በእጁ 1,500,000 ብር ያለው ገዢ የ1,500,000 ብር መኪና ሊፈልግ አይገባውም። የውል ማጽደቂያ፣ የስም ማዞሪያ፣ የቴምብር ቀረጥና የደላላ ክፍያ፣ እንዲሁም መድን ገና መኪናው ግቢ ሳይገባ የሚከፈሉ ናቸው። መኪናው አሮጌ ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጎማ፣ ባትሪ፣ የፍሬን ሸራ፣ አሞርዛተርና የሞተር ቀበቶ መለወጥ ሊያስፈልግ ስለሚችል፣ ለዚህ የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ ተለይቶ መቀመጥ አለበት። ብዙ መኪኖች ከተገዙ በኋላ ለወራት በየግቢው ቆመው የሚታዩት ባለቤቱ ለመኪናው እንጂ ለመኪናው ኑሮ ገንዘብ ሳያስቀር በመቅረቱ ነው።

የነዳጅ ወጪ በዚህ ስሌት ውስጥ ከፍተኛ ድርሻ ይይዛል። ሰኔ 29 ቀን 2014 መንግሥት ለሁሉም ይሰጠው የነበረውን የነዳጅ ድጎማ ማንሣት ሲጀምር 1 ሊትር ቤንዚን ከ36 ብር ከ87 ሳንቲም ወደ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገባ፤ በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ደግሞ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ደረሰ። በዚህኛው ዋጋ ስሌቱን መሥራት ይቻላል። በቀን 30 ኪሎ ሜትር፣ በወር 25 ቀን የሚነዳ ሰው በወር 750 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። መኪናው በከተማ መጨናነቅ ውስጥ በሊትር 14 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ቢሆን በወር 54 ሊትር ገደማ፣ ማለትም ወደ 5,400 ብር ይወስዳል፤ በሊትር 8 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚሄድ ትልቅ ሞተር ቢሆን ግን ወጪው ከ9,500 ብር ያልፋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በ5 ዓመት ወደ 245,000 ብር ይጠጋል፤ ቤንዚን ዋጋው በጨመረ ቁጥርም ይህ ልዩነት አብሮ ይሰፋል።

የኤሌክትሪክ መኪናን በተመለከተ ስሌቱ ሌላ መልክ አለው። የኤሌክትሪክ ፍጆታ የሚለካው በኪሎ ዋት ሰዓት ሲሆን፣ 1 ኪሎ ዋት ሰዓት 1,000 ዋት የሚወስድ ዕቃ ለ1 ሰዓት ሲሠራ የሚጠቀመው ኃይል ነው። አነስተኛና መካከለኛ የኤሌክትሪክ መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ስለሚፈልግ፣ ከላይ ለተጠቀሰው 750 ኪሎ ሜትር ሲሞላ የሚባክነውን ጨምሮ በወር 125 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበቃዋል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በየእርከኑ የሚለያይና ከ2017 ጀምሮ በየጊዜው እንዲጨምር የተወሰነ ቢሆንም፣ 1 ኪሎ ዋት ሰዓት 10 ብር ቢታሰብ እንኳ የወሩ ወጪ 1,250 ብር ነው። ሆኖም የመኪናው ፍጆታ በቤቱ ፍጆታ ላይ ሲደመር ቆጣሪውን ወደ ከፍተኛው የታሪፍ እርከን ሊያደርሰው ስለሚችል፣ ትክክለኛው ስሌት የቤቱን የወር ደረሰኝ በእጅ ይዞ የሚሠራ ነው።

የኮልፌ ቀራኒዮ የመሬት አቀማመጥም ለኤሌክትሪክ መኪና ያደላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ በዚህ ከፍታ አየሩ የሳሳ በመሆኑ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በባሕር ጠረፍ ከሚሰጠው ጉልበት ሩቡን ያህል ያጣል። በወረቀት ላይ 70 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለ የ1000 ሲሲ ሞተር በተግባር ከ50 ብዙም የማይበልጥ ጉልበት ይዞ፣ አምስት ሰው ጭኖ ወደ ወጨጫ ተራራ አቅጣጫ ያለውን ዳገት ሲወጣ የሚያቃስተው ለዚህ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ለማቃጠል አየር ስለማይፈልግ በከፍታ ምክንያት ጉልበቱ አይቀንስም፤ ቁልቁለት ሲወርድም ፍሬኑ የሚያባክነውን ኃይል ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል።

እንዲህም ሆኖ ውሳኔው የሚወሰነው በመኪናው ብቻ ሳይሆን በገዢው ቤት ሁኔታ ነው። በተራ የቤት ሶኬት የሚሰካ ቻርጀር ወደ 2 ኪሎ ዋት ገደማ ስለሚሰጥ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝን ባትሪ ከባዶ ለመሙላት ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል፤ ይህን የሰማ ገዢ ሊደነግጥ ይችላል፤ ነገር ግን በቀን 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በየሌሊቱ መመለስ ያለበት 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ብቻ በመሆኑ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይበቃዋል። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በኮልፌ ብዙ ቤተሰቦች በአንድ ግቢ ውስጥ ከአከራያቸውና ከሌሎች ተከራዮች ጋር አንድ ቆጣሪ ይጋራሉ፤ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚወስድ የእንጀራ ምጣድና የመኪና ቻርጀር በአንድ ላይ ሲሠሩ ያረጀ መስመር ሊግልና ሊቃጠል ይችላል፤ ሒሳቡን ማን ምን ያህል ይክፈል የሚለውም የጠብ መነሻ ይሆናል። በኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ደግሞ ከቤቱ ቆጣሪ እስከ መኪናው ማቆሚያ ገመድ የሚዘረጋበት መንገድ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው ወደ መሸጫው ከመሄዱ በፊት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቶ የመስመሩን ውፍረት፣ የመሬት ሽቦውንና የቆጣሪውን አቅም ማስመርመር፣ ተከራይ ከሆነም ከአከራዩ ጋር በጽሑፍ መስማማት ይኖርበታል። መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት ሰፈር የሚኖር ሰው ባትሪው ሩብ እስኪደርስ መጠበቅ የለበትም።

ከቤቱ ሁኔታ ቀጥሎ መታየት ያለበት ግብሩ ነው፤ መንግሥት በ2014 የኤሌክትሪክ መኪናን ከኤክሳይዝ ታክስ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ አድርጎ፣ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ተፈታቶ ለሚገባው 5 በመቶ ቀረጥ ብቻ አስቀርቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተፈታቶ ገብቶ እዚህ የሚገጣጠመውን ከቀረጥም ነፃ አድርጎት ነበር። የግብር መጠን በመመሪያ ሊለወጥ የሚችል በመሆኑ ሻጭ የሚናገረውን ሳይሆን በግዥው ወቅት በጉምሩክ ኮሚሽን የሚሠራበትን መጠን ማጣራት ተገቢ ነው።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘለለውና በዚህ ዝግጅት ግን ሰፋ ተደርጎ ሊታይ የሚገባው ጉዳይ መኪናው ለየትኛው አገር ገበያ ተሠራ የሚለው ነው። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የተለመደው የቮልስዋገን አይዲ 6 ለምሳሌ አምራቹ ለቻይና ገበያ ብቻ በቻይና ያመረተው ሞዴል ነው። እንዲህ ያለ መኪና በነጋዴ በኩል ሲገባ የስክሪኑ ጽሑፍ በቻይንኛ ሊሆን፣ የመሙያ ሶኬቱ ጂቢቲ የሚባለው የቻይና ዓይነት ሊሆን፣ የኮምፒዩተር ማሻሻያዎቹ ከቻይና ውጭ ላይሠሩ፣ ከሁሉም በላይ የአምራቹ ዋስትና በኢትዮጵያ ላይጸና ይችላል። ብዙ አምራቾች ለባትሪ የሚሰጡት የ8 ዓመት ዋስትና መኪናው በተሸጠበት አገር የሚሠራ እንጂ መኪናውን ተከትሎ የሚዞር አይደለም። ባትሪው ደግሞ የመኪናውን ዋጋ ትልቅ ክፍል የሚይዝ አካል ስለሆነ፣ ዋስትና የሌለው ባትሪ ያለው መኪና በርካሽ ቢገኝ እንኳ ርካሽ ነው ማለት ያስቸግራል። ስለዚህ ገዢው ሻጩን ሊጠይቅ የሚገባው፣ ዋስትናውን የሚሰጠው ማን ነው፣ ሰነዱ በማን ስም ነው፣ ጥገናውስ በየትኛው ጋራዥ ይፈጸማል የሚል ሲሆን፣ መልሱም በቃል ሳይሆን በውሉ ውስጥ ተጽፎ መገኘት አለበት። በተወሰነ አቅም የሚገዛ ሰው ትልቅና አንጸባራቂ የሆነውን ያለዋስትና ከመውሰድ ይልቅ ትንሹን፣ ነገር ግን ወኪል ያለውን ቢመርጥ የተሻለ ነው።

የባትሪው ዓይነትም ልዩነት ያመጣል። ሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለው ዓይነት፣ የመኪና አምራቹ ቢዋይዲ በብዙ ሞዴሎቹ የሚጠቀምበት፣ ክብደቱ ከፍ ያለ ቢሆንም እሳት የመነሣት ዕድሉ አነስተኛና ብዙ ጊዜ መሞላትን የሚችል ነው፤ ኒኬል ያለበት ዓይነት ደግሞ በትንሽ ክብደት ብዙ ኃይል ቢይዝም በየዕለቱ እስከ 80 በመቶ ብቻ ቢሞላ ዕድሜው ይረዝማል። ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ሲገዛ በመመርመሪያ መሣሪያ የባትሪው ጤና፣ ማለትም አዲስ ሳለ ይይዝ ከነበረው ኃይል አሁን ምን ያህሉን እንደሚይዝ፣ በመቶኛ መታየት አለበት። ባትሪው ከመኪናው ሆድ ሥር የተዘረጋ በመሆኑም በኮብልስቶንና በጭቃ መንገድ፣ ያለልክ ከፍ ብለው በተሠሩ የፍጥነት መቀነሻዎች ላይ የሚመላለስ መኪና ከሥር ተነሥቶ ሳይታይ መገዛት የለበትም።

በሌላ በኩል ያገለገለ የቤንዚን መኪና የሚመርጥ ገዢ ጥቅሙ የመለዋወጫ መገኘት ነው። ከኮልፌ ብዙም በማይርቀው የመርካቶ ሶማሌ ተራ ለቶዮታ ቪትዝ፣ ለያሪስና ለኮሮላ የማይገኝ ዕቃ ጥቂት ነው፤ እነዚህን የማያውቅ የሰፈር መካኒክም የለም ማለት ይቻላል። ይሁንና በቪትዝ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቪትዝ የሚለው ስም ቶዮታ ከ1999 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. በጃፓን ገበያ የተጠቀመበት ሲሆን፣ በጃፓን መኪና በመንገዱ ግራ ስለሚነዳ መሪው በቀኝ በኩል ነበር፤ ለሌሎች አገሮች በግራ መሪ የተሠራው መኪና ያሪስ ይባል ነበር። በመሆኑም በአዲስ አበባ በግራ መሪ የምትነዳ ቪትዝ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መሆኑን ገዢው አውቆ መነሣት አለበት። ማዛወሩ በጥሩ ባለሙያ ከተሠራ መኪናዋ ለዓመታት ታገለግላለች፤ በችኮላ ከተሠራ ግን የመሪው ዘንግ፣ የፍሬን ፔዳሉ ማያያዣ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውና በአደጋ ጊዜ የሚነፋው የአየር ከረጢት ሁሉ ለአደጋ የተጋለጡ ይሆናሉ። መካኒኩ ከዳሽቦርዱ ሥርና ከኮፈኖው ውስጥ ብየዳውንና የሽቦውን ቅጥያ እንዲያይ ማድረግ የግድ ነው።

ማንኛውም ያገለገለ መኪና መመርመር ያለበት ሻጩ በመረጠው ጋራዥ ሳይሆን ገዢው በሚከፍለው መካኒክ፣ በቀን ብርሃን፣ ሞተሩም ከማደሩ የተነሣ ቀዝቅዞ ሳለ ነው። ሞተሩ አስቀድሞ ሞቆ ከቆየ ሲነሣ የሚያሰማውን ድምፅና ከማርሚታው የሚወጣውን ጭስ መለየት አይቻልም፤ ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እንደሚያቃጥል፣ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ደግሞ ውኃ ወደ ሞተሩ ውስጥ እየገባ፣ ምናልባትም የቴስታታው ጋስኬት ተበላሽቶ ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል። ቀለሙ በአንድ በር ላይ ከሌላው የተለየ ሆኖ ከታየ ወይም ማግኔት በአንድ ቦታ ካልያዘ ከሥሩ ስቱኮ እንዳለና መኪናው ተጋጭቶ እንደነበር ይጠረጠራል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ወደ ኋላ ሊመለስ የሚችል በመሆኑ ቁጥሩን ከማመን ይልቅ የመሪውን፣ የፔዳሉንና የሾፌሩን ወንበር መበላት ማየት እውነተኛውን ዕድሜ ይበልጥ ይናገራል። በመጨረሻም ከአየር ጤና እስከ ዊንጌት ባለው የቀለበት መንገድ ላይ በፍጥነት፣ በሰፈሩ ዳገት ላይ ደግሞ በዝግታ ተነድቶ መታየት አለበት።

ገንዘቡ የሚገኝበት መንገድም የዋጋው አካል ነው። 20 አባላት በየወሩ 25,000 ብር የሚጥሉበት ዕቁብ በየወሩ 500,000 ብር ያወጣል። ዕጣው በመጀመሪያዎቹ ወራት የደረሰው አባል ወለድ የሌለው ብድር እንዳገኘ ይቆጠራል፤ በመጨረሻ የሚወጣለት ግን የመኪና ዋጋ በየወሩ በሚያድግበት ጊዜ ከ20 ወር በኋላ የሚቀበለው 500,000 ብር መጀመሪያ ያሰበውን መኪና ላይገዛለት ይችላል። ስለዚህ በዕቁብ መኪና ሊገዛ የሚያስብ ሰው ዋስ አዘጋጅቶ ቀደም ያለ ዕጣ ከደረሰው አባል ጋር ለመለዋወጥ ቢደራደር ይጠቅመዋል። የባንክ ብድርን በተመለከተ፣ 1,000,000 ብር በዓመት 18 በመቶ ወለድ ለ5 ዓመት የተበደረ ሰው በየወሩ ወደ 25,400 ብር እየከፈለ በድምሩ 1,523,000 ብር ገደማ ይመልሳል፤ መኪናው የግማሽ ሚሊዮን ብር ብልጫ ያለው ዋጋ ተከፈለበት ማለት ነው። ወለድ የማይከፍሉ ወገኖች ከወለድ ነፃ በሆኑ ባንኮች የሚያገኙት ሙራባሃ የሚባል አሠራር ባንኩ ራሱ መኪናውን ገዝቶ የታወቀ ትርፍ በመጨመር ለደንበኛው በረጅም ጊዜ ክፍያ የሚሸጥበት ነው፤ የገዢው ግዴታ እዚህም ላይ በወር የሚከፍለውን ብቻ ሳይሆን በመጨረሻ የሚከፍለውን ድምር መጠየቅ ነው።

መኪናው ገና ሳይመጣ ሙሉ ዋጋውን ቀድሞ መክፈልም በብዙ ጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። የመኪኖቹን ስም ከአባይ፣ ከአዋሽና ከሌሎች የአገሪቱ ወንዞች ወስዶ የነበረው ሆላንድ ካር የተባለው መገጣጠሚያ፣ በ2002 ማብቂያ የብር ምንዛሬ ከቀነሰ በኋላ ከገባበት የገንዘብ ችግር ሳይወጣ በ2005 ከስሯል። ምንዛሬ በሚናወጥበት አገር ቀድሞ የከፈለ ገዢ የአስመጪውን ኪሳራ አብሮ የመሸከም አደጋ ስላለበት፣ ክፍያው በየደረጃው እንዲሆን፣ የማስረከቢያው ቀንና የመዘግየት ቅጣቱ በውሉ እንዲጻፍ መጠየቅ ይገባዋል።

የሕግ ጉዳዮችን በተመለከተ፣ የመኪና ሽያጭ ውል በተለምዶ ውልና ማስረጃ በሚባለው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት ፊት ተፈርሞ ሊጸድቅ፣ ከዚያም ሊብሬ የሚባለው የባለቤትነት መታወቂያ ደብተር በገዢው ስም ሊዛወር ይገባል። ከዚህ በፊት የመኪናው ፋይል በሚገኝበት ቅርንጫፍ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩም ከሊብሬው ጋር አንድ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ለኢንቨስተር፣ ለማኅበር ወይም ለዲፕሎማት ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል መብቱ ለሌለው ሰው ሊተላለፍ ስለማይችል፣ እንዲህ ያለ መኪና ከገበያው ዋጋ ዝቅ ብሎ ሲቀርብ ገዢው የሚያገኘው ቅናሽ ሳይሆን ገና ያልተከፈለ ዕዳ ነው። በአዲስ አበባ የተለመደው ሌላው አሠራር ስም ሳይዛወር በውክልና ብቻ መግዛት ነው። ወጪ ለመቆጠብ ሲባል የሚደረግ ቢሆንም፣ ውክልና ሰጪው ሲሞት ውክልናው የሚቋረጥ በመሆኑ ገዢው ከወራሾች ጋር ሙግት ሊገጥመው ይችላል፤ ለሻጩም ቢሆን አይበጅም፣ ምክንያቱም በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ስለሚያደርግ፣ ስሙ በሊብሬው ላይ የቀረ ሻጭ ባልነዳው መኪና ሊከሰስ ይችላል።

መድን የመጨረሻው፣ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ችላ የሚባለው ወጪ ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ግዴታ ሲሆን፣ ይህ መድን መኪናው በሌላ ሰው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት እንጂ የባለቤቱን መኪና አይሸፍንም። የራሱን መኪና ከግጭት፣ ከእሳትና ከስርቆት ለማዳን ባለቤቱ ሙሉ መድን መግባት ይኖርበታል። እዚህ ላይ ምንዛሬው ከተለወጠ ወዲህ ብዙ ባለመኪኖችን ሊጎዳ የሚችል አንድ ነገር አለ። መኪናው መድን የተገባለት በአሮጌ ዋጋ፣ ለምሳሌ በ600,000 ብር ቢሆንና የገበያ ዋጋው 1,200,000 ብር ደርሶ ቢገኝ፣ ባለቤቱ የመኪናውን ግማሽ ራሱ እንደዋሰ ስለሚቆጠር በመድን ውሎች የተለመደው ደንብ ለ200,000 ብር ጉዳት 100,000 ብር ብቻ የሚያስከፍል ነው። በመሆኑም ውሉ በየዓመቱ ሲታደስ የመኪናው ወቅታዊ ዋጋ እንደገና ተገምቶ በውሉ ላይ እንዲሰፍር ማድረግና ግምቱ የተመሠረተበትን ማስረጃ ከሊብሬው ቅጂ ጋር ማስቀመጥ የባለመኪናው ድርሻ ነው።